ከብስክሌት ጉዞ በኋላ እግሬ መራመድ እምቢ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ ምከሩኝ። ረጅሙን የብስክሌት ጉዞ ትናንት ጨረስኩ። ነገ ቀኑን ሙሉ ከተማውን በእግሬ ማየት በጣም እፈልጋለሁ። ዛሬ ስሞክረው ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ዳገቱ ደህና ነው። ደረጃ ስወርድ ነው ጭኔ የሚንቀጠቀጠው፤ መደገፊያውን ሳልይዝ አልወርድም። ፔዳል ስንረግጥ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል፤ ቁልቁል ስንሄድ ደግሞ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል። ብስክሌት ለዚህ አያዘጋጅም። ይሄ ይገባኛል፣ መላው ነው የጠፋኝ።

ጫማውም ሌላ ጣጣ ነው። ያለኝ ፔዳል ላይ የሚቆለፈው ነው። ሶሉ ድርቅ ያለ፣ ከሥሩ ያለው መቆለፊያም ለስላሳ ድንጋይ ላይ የሚያንሸራትት። ከሱ ሌላ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው የያዝኩት። በነጠላ ጫማ ቀን ሙሉ መዞር ያዋጣል? ወይስ እንደምንም ስኒከር ልግዛ? አዲስ ጫማ ደግሞ እንዳይልጠኝ ፈራሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።