ጥያቄ፦ በ61 ዓመቴ የሮክ ባንድ ቤዚስት ነኝ፤ ትከሻዬ፣ እጄና ጆሮዬ ሳይጎዱ እንዴት ልቀጥል?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤዝ ጊታር የጀመርኩት በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበር በሩ ተዘግቶ እንግዳውም እኛም እስኪነጋ እዚያው ነበርን። አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ሌላ ሥራ እሠራለሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ግን የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹን ሮክ ከሚጫወት ባንድ ጋር በየቡና ቤቱ እጫወታለሁ። ሦስቱ ጓደኞቼ አሜሪካውያን ናቸው፤ ሁሉም ከእኔ በሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያንሳሉ። በአንድ ምሽት ሦስት ዙር እንጫወታለን፤ አንዱ ዙር ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው።

አገር ቤት ሳለሁ አምፑም (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ) ስፒከሩም የቤቱ ነበር፤ እኛ ጊታራችንን ይዘን መግባት ብቻ ነበር። እዚህ ሙዚቀኛው ሁሉንም ራሱ ተሸክሞ ይገባል፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ራሱ ተሸክሞ ይወጣል። ጊታሬ 4.8 ኪሎ ይመዝናል። የስፒከር ሳጥኔ ባለ 10 ኢንች አራት ስፒከር ያለው የድሮ ዓይነት ነው፤ ደረጃ ባለበት ቤት ብቻዬን ማውጣት አቅቶኛል። ግራ ትከሻዬ ያመኛል፣ ግራ እጄ ይደነዝዛል፣ ከሥራ በኋላ ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ይጮኻል።

ባለቤቴና ልጆቼ «ይበቃሃል» ይሉኛል። እኔ ግን ማቆም አልፈልግም። ከድራመሩ ጋር ተገጣጥመን አንድ ምት ስንይዝ የሚሰማኝን ደስታ በሌላ በምንም አላገኘውም። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ምን አደረጋችሁ? ለባንዱ ልጆችስ ነገሩን እንዴት ልንገራቸው?

ቤዚስት (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ከጊታሩ ልጀምር። 4.8 ኪሎ ለሦስት ዙር ከባድ ነው፤ ወጣቱንም ያደክማል። ከ4 ኪሎ በታች የሆነ ጊታር ይፈልጉ። ከተቻለ ደግሞ አጭር አንገት ያለውን ይሞክሩ። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አጭሩ 76 ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ግራ ክንድዎ ያን ያህል አይዘረጋም፣ ጣቶችዎም በፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ ባሉት የብረት መስመሮች) መካከል ያን ያህል አይለጠጡም። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1942 ተወልዶ ከ80 ዓመቱ በኋላም መድረክ ላይ የሚይዘው የሆፍነር ቤዝ እንዲህ ያለ አጭር ነው፤ ክብደቱም ከ2.5 ኪሎ አይበልጥም። የአጭሩ ቤዝ ድምፅ ወፈር ይላል፣ ወፍራሙ ክርም ትንሽ ላላ ይላል፤ ለ1970ዎቹ ሮክ ግን ይስማማል።

ሱቅ ሲሄዱ ሚዛኑን ብቻ አይዩ። ጊታሩን አንግተው ግራ እጅዎን ይልቀቁት። አንገቱ ወደ መሬት ካዘነበለ አይግዙት። እንዲህ ያለ ጊታር ቀላል ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ አንገቱን ደግፎ የሚይዘው የእርስዎ ግራ እጅ ነው፤ ትከሻውንም አንጓውንም የሚጎዳው ይሄ ነው።

ማንገቻውም ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ አጠር አድርገውም ያንግቱት። ሮክ ተጫዋቾች ጊታሩን ጉልበታቸው ድረስ ማውረድ ይወዳሉ፤ ያኔ ግራ አንጓ በጣም ይታጠፋል። ደረት አካባቢ ሲሆን አንጓው ቀጥ ይላል።

ነርስ (ፍራንክፈርት)

ወንድሜ፣ ከጊታሩ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የትኞቹ ጣቶችዎ ናቸው የሚደነዝዙት? ትከሻዎን የሚያምዎ ጊታር ሲይዙ ነው ወይስ ዕቃ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ?

ሁለተኛውን የምጠይቀው በምክንያት ነው። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሸክም ሲሸከም ግራ ትከሻው ወይም ግራ ክንዱ አመመኝ፣ ሲያርፍ ደግሞ ተወኝ ካለ መጀመሪያ ልቡን ይመርመር። ደረት መጫን፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ላብ ከተጨመረበት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ ጣቶቹ፦ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ነው። ቀለበትና ትንሿ ጣት ከሆኑ ችግሩ ብዙ ጊዜ ክርን ላይ ነው። ስኳርና የታይሮይድ ችግርም የአንጓውን ነርቭ ስለሚያባብሱ የደም ምርመራ ይጠይቁ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስረው ሲተኙ ብዙ ሰው ይሻለዋል። ዝም ብሎ ማቆየት ግን የአውራ ጣትን ጡንቻ ያሳሳል፤ ያኔ ቤዙም ይቀራል።

ጆሮ ላይ ደግሞ የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም፣ ናዮሽ የሚባለው፣ መመሪያ ግልጽ ነው። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለስምንት ሰዓት፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የተፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ድራምና ሊድ ጊታር አጠገብ 100 መድረስ ቀላል ነው፤ እርስዎ ደግሞ በአንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆማሉ። እስከ ማግስቱ የሚጮኽ ጆሮ መጎዳቱን እየነገረዎት ነው። የመስማት ምርመራ ያድርጉ፣ ውጤቱን ያስቀምጡ፣ በየዓመቱ ያነጻጽሩ። አንድ ጆሮ በድንገት ካልሰማ ግን በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ሳውንድማን (አሌክሳንድሪያ)

የጆሮ መድፈኛ ስትገዛ የስፖንጁን አትግዛ። ስፖንጁ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚበላው ጉምጉምታ ብቻ ይቀርሃል፤ ከዚያ በንዴት አውጥተህ ትጥለዋለህ። ለሙዚቀኛ ተብሎ የተሠራው ሁሉንም ድምፅ በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል፤ ተራው በ30 ዶላር ገደማ ይገኛል፣ በጆሮህ ልክ የሚሠራው ይወደዳል። መጀመሪያ በልምምድ ላይ ልመደው። የሮክ ባንዱ የኤሲ/ዲሲ ዘፋኝ ብራያን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2016 ጉብኝቱን አቋርጦ የወጣው ሐኪሞች ጆሮህን ጨርሰህ ታጣለህ ብለውት ነው፤ ይህን ለባንድህ ልጆች ንገራቸው፣ ይገባቸዋል።

ያንን ሳጥን ሽጠው። የዛሬ ክላስ ዲ የሚባሉት አምፖች ከ2 እስከ 3 ኪሎ ናቸው፤ ከጊታሩ ቦርሳ ኪስ ይገባሉ። ኒዮዲሚየም ማግኔት ያለው ባለ አንድ 12 ኢንች ስፒከር ከ12 እስከ 16 ኪሎ ይሆናል፤ በአንድ እጅ ይነሳል። ቤቱ ሚክሰር (የሁሉንም ድምፅ የሚያቀናጅ ሰሌዳ) እና ትልልቅ ስፒከር ካለው ሕዝቡ የሚሰማህ በእነሱ ነው። ከአምፕህ ጀርባ ባለው የዲ አይ መስመር (ቀጥታ የድምፅ መውጫ) ወደ ሚክሰሩ ግባ፤ ያንተ ስፒከር ለራስህ መስሚያ ብቻ ይሁን።

ሌላው፣ ስፒከሩን መሬት ላይ አታስቀምጠው። መሬት ላይ ሲሆን ድምፁ ጉልበትህ ጋ ያልፋል፤ አንተ የምትሰማው ጉምጉምታውን እንጂ የጣትህን ምት አይደለም፣ ስለዚህ ትጨምራለህ። ጊታሪስቱም ይጨምራል፣ ድራመሩም ያጠነክራል። ወንበር ላይ አውጥተህ ወደ ፊትህ አዘንብለው፤ በግማሽ ድምፅ ራስህን ትሰማለህ። ለሊድ ጊታሪስቱም እንዲሁ አድርግለት።

አስተያየት ሰጪ (ዳላስ)

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቤተሰብዎ እውነቱን ነው። ሮክ የወጣት ሙዚቃ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም ሠርግ ላይ ቀለል ያለ ነገር ቢጫወቱስ?

የድሮ ድራመር (ዋሽንግተን)

በዚህ አልስማማም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እዚሁ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ በትርፍ ጊዜው ይለማመድ ነበር። የድሮ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ከ65 ዓመት በላይ ሆኖት ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። ሠርግ ደግሞ ቀላል ነው ያለው ማን ነው? የሠርግ ባንድ ከሮክ ባንድ ይልቅ ረጅም ሰዓት ይቆማል።

ለልጆቹ እንዴት ልንገራቸው ላልከው፦ አገር ቤት ቢሆን ገና በሩ ላይ ስትታይ «ጋሼ፣ ይተዉ» ብለው ይቀበሉህ ነበር። ፈረንጅ ግን ካልነገርከው ዕቃህን አይነካም፤ ክብርህን የሚነካ ሊመስለው ይችላል። በልምምድ ቀን፣ ሁሉም ባሉበት፣ በቀጥታ በላቸው፦ ከባድ ዕቃ ማንሳት ሐኪም ከልክሎኛል፤ ገመድና ማይክ እኔ እጠቀልላለሁ፣ እናንተ ስፒከሩን ያዙልኝ። ሥራ እየተከፋፈላችሁ ነው፤ ምጽዋት አይደለም። ሁለተኛ፣ የሲምባል ድምፅ ጆሮህ ላይ እንዳይወርድ ከድራመሩ ትንሽ ፈቀቅ ብለህ፣ ግን እግሩን እያየህ ቁም። በሁለተኛው ዙር ከፍ ያለ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ማንም አይከፋውም።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም በጥሞና አነበብኩ። እህቴ ነርሷ፣ የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ናቸው፤ ሌሊትም ይቀሰቅሰኛል። ትከሻዬን የሚያመኝ ጊታሩን ስይዝም ዕቃ ስሸከምም ስለሆነ ሐኪሜ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የልብ ምርመራውን እጠይቃለሁ፣ ስኳሩንም እንዲሁ። ድራመሬን ትናንት በስልክ አነጋገርኩት፤ ሳጥኑን ከዛሬ ጀምሮ እኔ አነሳለሁ አለኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በጣት መጫወቱን ትቼ በፒክ (ክር በሚመታበት ትንሽ ፕላስቲክ) ብጫወት እጄ ያርፋል?

ቤዚስት (አዲስ አበባ)

ፒክ የሚያሳርፈው ቀኝ እጅን ነው፤ የእርስዎ ችግር ግራው ላይ ነው። ግራውን ለማሳረፍ ቤትዎ ተቀምጠው አውራ ጣትዎን ከአንገቱ ላይ አንስተው በአራቱ ጣቶች ብቻ ቀስ ብለው ይጫወቱ። ክሩ ያለ አውራ ጣት ግፊት ድምፅ ካልሰጠ ከፍሬቱ ርቋል ማለት ነው፤ ባለሙያ ዝቅ ያድርግልዎት። ክሩንም ከ45–105 ወደ ቀጭኑ 40–95 (ቁጥሮቹ የክሩ ውፍረት ናቸው) ይቀይሩ፤ ለጣት ይቀላል። ክሩ ሲቀየር አንገቱ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያሠሩ።

ሳውንድማን (አሌክሳንድሪያ)

አዲሱን ስፒከር ስትገዛ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) መሆኑን አረጋግጥ። ወደፊት ሰፊ አዳራሽ ከገጠመህ ሌላ 8 ኦም ጨምረህ ሁለቱ 4 ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ አምፖች እስከዚያ ድረስ ይችላሉ። ያገለገለ ከሆነ ሳትሞክር አትክፈል፤ ጊታርህን ይዘህ ሂድና ወፍራሙን ክር ለብቻው ምታው። ስፒከሩ የሚርገበገብ ወይም የሚሰነጠቅ ድምፅ ካሰማ ተወው።