የጥቅምቱ ዝግጅት ረቂቅ (ክላውዲያ ጆንስ)

ጸሐፊ፦ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው አርብ ይዘጋል። ርዕሱ «ጓድ ክላውዲያ ጆንስ፦ ከኒውዮርክ ሃርለም እስከ ለንደን ብሪክስተን»። በ1949 ስለ ጥቁር ሴቶች የጻፈችውን ተርጉመን 200 ቅጂ እናሳትማለን። የምንጠይቀው 600 ፓውንድ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ደግሞ በዚህ እንዳትነሱብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ «ጓድ» ይውጣ።

ጸሐፊ፦ ሴትዮዋ ኮሚኒስት ናት እኮ! አሜሪካ አስራ በ1955 ወደ እንግሊዝ ያባረረቻት ለምን ሆነና?

ገንዘብ ያዥ፦ ኮሚኒስትነቷን መች ካድኩ? ወንድሜን ከቤት የወሰዱት ሰዎች «ጓድ» እየተባባሉ ነው። ያ ቃል ባለበት ወረቀት ላይ አልፈርምም።

ኦዲተር፦ «ወይዘሮ» በሏትና እንለፍ።

ጸሐፊ፦ የሠርግ ጥሪ ነው እንዴ?

ኦዲተር፦ ለመሆኑ ለእኛ ምናችን ናት?

የብሪክስተኑ፦ ትሪኒዳድ ተወልዳ ሃርለም ያደገች ናት። ጣሊያን ሲወረን እዚያ አንድ የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ትሠራ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ አለቃዋ ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ አነበበው። ሺህ ሰው ሲያጨበጭብለት እሷ እዚያው ሆና ታያለች። ጥላው ወጣች፣ በ1936 የወጣት ኮሚኒስቶችን ማኅበር ገባች። ረቂቁ ውስጥ ይሄ የለም! ብሪክስተን ሮድ ላይ ከሙዚቃ ሸክላ ሱቅ በላይ በ1958 የከፈተችው ጋዜጣም የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄስ ደህና ነው። «ጓድ» ግን ይውጣ።

ጸሐፊ፦ እሺ ጋሼ፣ ወጥቷል። የወንድምዎን ነገር አላወቅኩም ነበር፣ ይቅርታ።

ገንዘብ ያዥ፦ ምንም አይደል ልጄ። እኔም ጮኽኩብሽ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሁለት ቀን በአንድ ቃል! ትርጉሙን ማን ይሠራል?

ጸሐፊ፦ ባለፈው እሁድ ሁለት ሰዎች እጅ አውጥታችሁ ነበር። የት ገባችሁ?

ጸሐፊ፦ ኧረ ሰው! ነገ ሐሙስ ነው።

የወጣቶች ተወካይ፦ በ1959 ሴንት ፓንክራስ አዳራሽ የካሪቢያን ካርኒቫል ያዘጋጀችውም እሷ አይደለች? እኛም ሙዚቃና ምግብ እናድርገው። ሰው ይመጣል።

ኦዲተር፦ እደግፋለሁ። ጽሑፍማ ማን ያነባል።

የብሪክስተኑ፦ የ49 ዓመት ዕድሜዋን ስትጽፍ ነው የጨረሰችው፣ እናንተ ክትፎ ልታበሉባት?

ገንዘብ ያዥ፦ ክትፎ ውድ ነው። ሽሮና ጥብስ ይበቃል።

ጸሐፊ፦ የመጨረሻው ረቂቅ፦ «የክላውዲያ ምሽት»። ምግብ 350፣ ሙዚቃ 170፣ ስለ ሕይወቷ አንድ ገጽ ለማባዛት 80። ገጹን የብሪክስተኑ ይጽፋል።

የብሪክስተኑ፦ ማን ጠየቀኝ?

ኦዲተር፦ እንጀራውን ከማን ነው የምናዘው? ያለፈው ጊዜ ሻግቶ ነበር።