አንዱ ፔፕታይድ በአንጎልና በደም ውስጥ ለምን የተለያየ ውጤት ያሳያል?

ጥያቄ (የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በሴሚናር የማቀርበው ኒውሮፔፕታይዶች (የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉባቸው አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች) በዓሣ አተነፋፈስና የደም ዝውውር ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ነው። ሬይንቦ ትራውት በተባለው ዓሣ ላይ በተሠሩ ጥናቶች፣ ዩሮቴንሲን ሁለት የተባለው ፔፕታይድ በአንጎል ውስጥ ሲሰጥ ዓሣው ትንፋሹን ያበዛል፤ በደም ሥር ሲሰጥ ግን የደም ግፊቱ ይጨምርና የልብ ምቱ ይቀንሳል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ወደፊት በጣና ሐይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ላይ ተመሳሳይ ልኬት ለመውሰድ ስለማስብ፣ ስለ አሠራሩም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የፊዚዮሎጂ መምህር)፦
ዋናው ጉዳይ ፔፕታይዱ የሚደርስበት ቦታ ነው። ዩሮቴንሲን ሁለት በ1980 ከጎቢ ዓሣ ዩሮፊሲስ፣ ማለትም በአከርካሪ ገመድ የጅራት ጫፍ ላይ ካለው የሆርሞን ማከማቻ፣ ተለይቶ የታወቀ ባለ 12 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ነው። ወደ ደም ሲገባ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ግፊቱ ሲጨምር ይህ ለአንጎል ይደርስና ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል ልብ ምቱን እንዲቀንስ ይደረጋል። ስለዚህ የልብ ምት መቀነሱን ብቻ አይቶ «ፔፕታይዱ ልብን ያዳክማል» ማለት ችኮላ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ አስቀድመው የቬገስን ትእዛዝ የሚያግደውን አትሮፒን ይስጡ፤ ግፊቱ እንደበፊቱ ጨምሮ የልብ ምቱ ካልቀነሰ፣ ነገሩ ሪፍሌክስ፣ ማለትም ለግፊቱ መጨመር በነርቭ በኩል የተሰጠ ራስ-ሰር ምላሽ፣ ነበር ማለት ነው። በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ባለበት ክፍተት ሲሰጥ ግን ትንፋሽንና ልብን የሚቆጣጠሩ ነርቮች ዘንድ የሚደርሰው በደም ሥሮች በኩል ዞሮ ሳይሆን በቀጥታ ነው።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
እኔ አጥብቄ የምመክረው ማደንዘዣን የሚመለከት ነው። ማደንዘዣ ራሱ ትንፋሽንና የልብ ምትን ስለሚለውጥ፣ ፔፕታይዱ የሚሰጥበት ቱቦና ትንፋሹ የሚለካበት ኤሌክትሮድ ከተተከሉ በኋላ ዓሣው በሚገባ ነቅቶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፔፕታይዱ የሚሟሟበትን ፈሳሽ ብቻ በተመሳሳይ መጠን የሚወስድ ማነጻጸሪያ ቡድንም ይኑርዎት፤ መርፌው ብቻውን ዓሣን ሊያስጨንቅ ይችላል። ትንፋሽን ሲለኩ ደግሞ የስንጥብ ክዳኑ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚከፈትም ይመዝግቡ። ለምሳሌ ፓካፕ የተባለው ፔፕታይድ በትራውት አንጎል ውስጥ ሲሰጥ በተለይ የሚያሳድገው የእንቅስቃሴውን ስፋት ነው።

ጠያቂው፦
ስለ አትሮፒን የሰጡኝ ማብራሪያ ትልቅ እገዛ ነው። ኤሌክትሮድ ባላገኝ፣ በቪዲዮ መቁጠሩ ይበቃኛል?

መልስ (የዓሣ እርባታ ባለሙያ)፦
ለፍጥነቱ ይበቃል፤ ለስፋቱ ግን አስተማማኝ አይደለም፣ ዓሣው ትንሽ ዞር ሲል ልኬቱ ይዛባልና። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ በአየር የጠገበ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በእርስዎ አካባቢ የሚይዘው 7.3 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ብዙ ዓሦች ትንፋሻቸውን ያበዛሉ፣ የልብ ምታቸውም ይቀንሳል፤ ይህን ልብ ካላሉ የውሃውን ውጤት ለፔፕታይዱ ይሰጡታል። ስለዚህ ከመርፌው በፊትም በኋላም ኦክስጅኑንና ሙቀቱን በየጊዜው ይለኩ፤ ለትራውት የተሰጠውን የፔፕታይድ መጠንም እንዳለ ለቆሮሶ አይጠቀሙ፣ ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነውና።