የአባት ፈቃድ ለእናት ይተላለፍ ወይስ ይቃጠል?

ጠያቂዋ፦ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1993 ከወላጆች ፈቃድ ላይ 4 ሳምንት ለአባት ብቻ ለየች። አባትየው ካልወጣበት ይቃጠላል፤ ለእናት አይተላለፍም። እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። ስዊድን በ1974 "እንደፈለጋችሁ ተካፈሉ" ብላ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ቀን የወሰዱት እናቶች ናቸው። በ1995 ስዊድንም ለእናትና ለአባት አንድ አንድ ወር ለየች። እናንተስ?

አራስ ነኝ፦ አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት 6 ወር ጡት ብቻ አጥቡ ይላል። ዓለም አቀፉ የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ደግሞ ለእናት የሚያስቀምጠው ቢያንስ 14 ሳምንት ነው። ቀሪውን ከየት ላምጣ? ባሌ ካልወጣ የሚቃጠለው ጊዜ የልጄ ነው። ለእኔ ይሰጠኝ!

ቀጣሪው፦ 6 ሠራተኛ ነው ያለኝ። አንዱ ሲቀር ሥራው ይንገዳገዳል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ወጣት ሴት ስትመጣ "ነገ ትወልድና ትቀራለች" ብዬ አስባለሁ። ወንዱን እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። አባትም የሚቀር ከሆነ ማንን ልመርጥ ነው?

ጠያቂዋ፦ ወንድሜ፣ ክርክሬን ጨረስክልኝ።

ተጠራጣሪዋ፦ ቆይ እንጂ! ፈቃድ ወጥቶ ኳስ ቢያይስ? እሷ ሁለት ልጅ ልታሳድግ ነው።

አዲስ አባት፦ እህቴ፣ ትንሽ እውነት አለሽ። ልጃችን እንደተወለደች ሁለት ሳምንት ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ "ምን ላግዝሽ?" ስል ዋልኩ። በመጨረሻ "ልጅቷ ያንተም ናት እኮ፣ እገዛ አትበለው" አለችኝ። የገባኝ ግን ያኔ አይደለም። እሷ ሥራ ስትመለስ አንድ ወር ብቻዬን ከልጅቷ ጋር ቀረሁ። ዳይፐሩ ማለቁን የማስታውሰው እኔ፣ የክትባቱን ቀን የምይዘው እኔ። ለካ ድካሙ ያለው ማስታወሱ ላይ ነው። ስለዚህ ለአባት የሚለየው ጊዜ እናት ሥራ ከገባች በኋላ ይሁን። አራስ ነኝ ላለችውም ይሄ ይሻላታል፤ የእሷ ሲያልቅ የእሱ ይጀምራል።

አራስ ነኝ፦ የጡቴ ወተት ታልቦ ይቀመጥ ማለትህ ነው? እሺ፣ ማለቢያ ክፍልና ሰዓት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ካለ። የእኔ አለቃ መጸዳጃ ቤቱን ነው ያሳየኝ።

የቀን ሠራተኛ፦ ስለ የትኛው ፈቃድ ነው የምታወሩት? እኔ የዋልኩበት ቀን ብቻ ነው የሚከፈለኝ። በወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ገብቻለሁ። ባሌም እንደኔው ነው። የሚተላለፍም የሚቃጠልም የለንም።

ጠያቂዋ፦ ይሄን ከጥያቄዬ ረስቼዋለሁ። ቀጣሪው፣ የአንተ 6ቱ ሠራተኞች ውል አላቸው?

ቀጣሪው፦ አራቱ አላቸው።