ለሚወለደው ልጅ ምን እንግዛ? ከየትስ? የአዲስ አበባ እናቶች ጥቆማ

የወንድሜ ሚስት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው እሑድ ቤቴ ስትመጣ የምትገዛውን ዕቃ ጽፋ መጣች። ሁለት ገጽ ሙሉ ነው። የጡጦ ማሞቂያ፣ የዋይፕስ ማሞቂያ፣ ስድስት ዓይነት ቅባት፣ ጋሪ፣ አራት ጥንድ ጫማ። ቡና እያፈላን እኔ፣ ታላቅ እህቴና ጎረቤታችን አንድ በአንድ አየነው። ሦስታችንም ወልደናል። ግማሹን ሰረዝነው። ያልጻፈቻቸው ጥቂት ነገሮች ደግሞ ገቡ። ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ ያወራነውን ላካፍላችሁ።

አራስ ልጅ የሚፈልገው ሙቀት፣ ጡትና ንጽሕና ነው። ብራችሁን እዚያ ላይ አውሉት። የተረፈውን ለእናትየው አስቀምጡላት። እሷም አራስ ናት።

ከሙቀት ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይገባል። ክረምቱም ቀላል አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ በተለይ በጭንቅላቱ በኩል። ስለዚህ ሦስት የጥጥ ኮፍያ፣ ስድስት ካልሲ፣ ከፊት የሚከፈት ስድስት ቱታ ይበቃል። በጭንቅላት የሚጠለቅ ልብስ አትግዙ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚያለቅስ ልጅ አንገት ውስጥ ማስገባት ከባድ ነው። ትንሿን ቁጥር አታብዙ፣ በሦስት ሳምንት ትጠባለች።

መጠቅለያው ላይ ተከራከርን። ጎረቤታችን ቦሌ ካሉት የልጆች ልብስ መሸጫዎች የገዛችውን ለስላሳ ብርድ ልብስ ትወዳለች። እውነት ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ሲታጠብም ቶሎ ይደርቃል። ግን ብዙዎቹ ጥጥ አይደሉም። ልጁ ውስጡ ያልበዋል፣ ላቡ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበርደዋል። እኔ ለሽሮ ሜዳ ነው የምመሰክረው። ሁለቱንም ልጆቼን ያሳደግሁት ከዚያ በገዛሁት የልጅ ጋቢ ነው። ሸማኔው አባት ጋቢውን በእጄ አስይዘውኝ "ልጄ፣ ማጉ በእጅ የተፈተለውን ምረጪ፣ እያጠብሽው ይለሰልሳል" አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። የፋብሪካ ክር ብቻ የሆነው ቀጥ ብሎ የተሠራና የሚያብለጨልጭ ነው፣ ግን እንደዚያ አያሞቅም። ጥለቱ ላይ የወርቅ ወይም የብር ክር ያለበትን ለክርስትና ተዉት፣ የልጅ ቆዳ ይቧጭራል። ከመወለዱ በፊት ሁለት ጊዜ እጠቡት። አዲስ ጋቢ ብናኝ አለው።

መርካቶ ሸማ ተራም ያው ጋቢ አለ። ብዙ ለሚገዛ፣ ለምሳሌ ለእናትም ለልጅም ለአያትም ለሚይዝ፣ እዚያ መከራከር ይሻላል። አንድ ብቻ ለሚፈልግ ግን በስምንተኛ ወር መርካቶ ውስጥ መጋፋት አያስፈልግም።

ስትጠቀልሉ እግሩን አጥብቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አትሰሩት። እናቶቻችን "እግሩ እንዳይወላገድ" ብለው ነው ያደረጉት፣ በፍቅር። ግን የዳሌ መጋጠሚያውን ይጎዳል። ከወገብ በታች ላላ ይበል፣ እግሩን አጥፎ እንዲያንቀሳቅስ።

ዳይፐር ላይ እህቴና ጎረቤታችን ሊጣሉ ነበር። እህቴ የጨርቅ ሰው ናት። ሃያ አራት ጨርቅ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ሁለት ልጅ አሳድጋበታለች። ጎረቤታችን ደግሞ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። "በጀሪካን ውሃ ጨርቅ ልጠብ?" አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ውሃ ካላችሁና በበጋ ከወለዳችሁ ጨርቅ ብዙ ብር ያድናል። በሐምሌ ከወለዳችሁ ጨርቁ አይደርቅም፣ እርጥበት ያለበት ጨርቅ ደግሞ ቆዳ ያቆስላል። እኔ ቀን ጨርቅ፣ ሌሊትና ከቤት ስወጣ ዳይፐር አደርግ ነበር።

ዳይፐር ስትገዙ የፓኬቱን ዋጋ አትዩ። ዋጋውን ለፍሬው ብዛት አካፍሉት። አንድ አራስ በቀን እስከ አሥር ይጨርሳል፣ በወር ወደ 300 ማለት ነው። በፍሬ ሁለት ብር ልዩነት በወር 600 ብር ነው። ጅምላ ከመርካቶ ማምጣት ያዋጣል፣ ግን መጀመሪያ ትንሿን ፓኬት ሞክሩ። የአንዱን ልጅ ቆዳ የማይነካ የሌላውን ያቀላል። ማሸጊያ የሌለው፣ ስምና ቀን ያልተጻፈበት፣ በፌስታል የታሰረ አትግዙ። ዋይፕስ ለመንገድ ይሁን። ቤት ውስጥ ለብ ያለ ውሃና ጥጥ ይሻላል።

ገላ ለማጠብ ንጹሕ ሳፋ ይበቃል። ልዩ የሕፃን ገንዳ ቦታ ይይዛል፣ በሦስት ወር ይረሳል። ልጁን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አትጠቡት። ሽታ የሌለው አንድ ሳሙናና አንድ ቫዝሊን ያዙ። ፓውደር አያስፈልግም፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ኩል አይኑ ላይ አይደረግ።

እትብቱ ላይ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቅቤ፣ ዘይት፣ አፈር፣ ምንም አይቀባ። ደረቅና ንጹሕ ይሁን፣ ዳይፐሩ ከሥሩ ይታጠፍ። ጤና ጣቢያ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን የእትብት ቅባት ከሰጧችሁ እሱን ብቻ፣ እንደነገሯችሁ ተጠቀሙ። ለእትብት ብቻ ነው። የዓይን ቅባት መስሏቸው ልጅ ዓይን ውስጥ ያደረጉ ሰዎች አሉ፣ ዓይን ያጠፋል። ሌላ መድኃኒት ካለበት ቦታ ለይታችሁ አስቀምጡት። ለጋ ቅቤ አራስ ልጅን የማዋጥ ልማድም አለ። እባካችሁ ይቅር። አያቶችን በአክብሮት አስረዷቸው፣ ቅቤውን ለእናትየው ገንፎ ያድርጉት።

ከዕቃው ሁሉ የማትረሱት ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። መድኃኒት ቤት ይገኛል። የአራስ ልጅ ሙቀት 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

አመጋገቡ ላይ ዝርዝሯ ውስጥ አምስት ጡጦ ነበር። ሁሉንም ሰረዝነው። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቢጫው እንገር አይጣል፣ የመጀመሪያ መከላከያው እሱ ነው። እስከ ስድስት ወር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ሥራ የምትመለሱ ግን ቀድማችሁ አስቡበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወለዳችሁ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የኤሌክትሪክ የጡት ማለቢያ አታምኑ፣ የእጁ ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀላል። ከዚያም በላይ በእጅ ማለብን ሲስተሮቹን ጠይቃችሁ ተማሩ፣ በነጻ ነው። የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ውጭ ደግሞ ሙቀት ካልሆነ እስከ 4 ሰዓታት ይቆያል። መብራት ከጠፋ እሱን አስሉ። ልጁን በጡጦ ፈንታ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ሲኒ ማጠጣት ይቻላል። ሲኒ ለማጽዳት ቀላል ነው።

የዱቄት ወተት ሐኪም ካዘዘ ብቻ ግዙ፣ ከመድኃኒት ቤት። ቀኑን ራሳችሁ አንብቡ። እኔ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ቤት ስደርስ ጊዜው ሁለት ወር አልፎበት አገኘሁት። ሻጩ አልመልስም አለ።

አልጋ የግድ አይደለም፣ ከፈለጋችሁ ግን የሰፈር አናጺ ያሠራችሁት ከውጭ ከመጣው በጥንካሬ ይበልጣል። ሁለት ነገር ንገሩት። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ አለዚያ ሰውነቱ ሾልኮ አንገቱ ይያዛል። ቀለሙም ልጁ ከመምጣቱ ከአንድ ወር በፊት ይቀባ፣ ሽታው እንዲወጣ። ፍራሹ ጠንከር ያለና ከአልጋው ጋር የሚገጥም ይሁን። ትራስ አይግባ። ልጁን በጀርባው አስተኙት። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት አጎበር አስቡ።

ጋሪውን ሰርዘነዋል። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ነው፣ የእግረኛ መንገዱም ግማሹ ተቆፍሯል። ሕንፃችሁ ሊፍት ካለውና ደህና መንገድ ካላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ልብስ ላይ ሳልባጅ አትናቁ። የሕፃን ልብስ ሳያልቅ ነው የሚጠበው፣ ጥሩ ጥጥ ይገኛል። ቀቅላችሁ በፀሐይ አድርቁት፣ ቁልፉ እንዳይላቀቅ እየሳባችሁ እዩት። ከቴሌግራም ሻጮች ስትገዙ ደግሞ ዕቃው ደርሶ ሳታዩ አትክፈሉ። የእህቴ ልጅ የጥጥ ስብስብ አዝዛ ከፍላ ሌላ ጨርቅ ነው የመጣላት፣ ከዚያ ስልኩ አልተነሳም።

የሆስፒታል ቦርሳ በ36ኛው ሳምንት ይዘጋጅ። የክትትል ካርድ፣ መታወቂያ፣ ሁለት ነጠላ፣ ፎጣ፣ ትልቁን ሞዴስ፣ ለልጁ ሁለት ቱታ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ጋቢው፣ አንድ ትንሽ ፓኬት ዳይፐር። ለአጥሚት ፔርሙዝ። ከምትወልዱበት ቦታ ምን እንደሚሰጡ በመጨረሻው ክትትል ጠይቁ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊዱም ክትባቱም በነጻ ነው። የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባትና የመጀመሪያው ፖሊዮ ሳይሰጥ አትውጡ፣ ቀጣዩ በስድስተኛ ሳምንት ነው። ስትወጡ የልደት ማሳወቂያውን ተቀበሉ። ወረዳ ሄዶ በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ የአባትየው ሥራ ይሁን።

በመጨረሻ ዝርዝሯ ግማሽ ገጽ ሆነ። አንቀልባ እናታችን ጋር አለ፣ ዛጎል ያለበት፣ እኔንም ወንድሜንም ያዘለችበት። ልጁ አንገቱን እስኪያጸና ድረስ አንጠቀምበትም። የአንቀልባው ቆዳ ትንሽ ስለደረቀ ግን ቅቤ ቀብተን ጥላ ላይ ሰቅለነዋል።