ፊቱ ወደ ምዕራብ ለሆነ መግቢያ የትኛው የብረት በር ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከሳቢያን (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቤቴ ልስን ሊጀመርለት ነው። መግቢያው ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ያነደዋል። ከውጭ የመጣ፣ እንጨት የሚመስል የብረት በር አየሁ፤ ያምራል፣ ሳንኳኳው ግን እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። የሰፈራችን በያጅ ደግሞ «እኔ ልሥራልህ» ይለኛል። የቱ ይሻለኛል?

በያጅ፣ ከመጋላ፦
ወንድሜ፣ በድምፁ ብቻ አትፍረድ፤ የላሜራውን ውፍረት ጠይቅ። በጌጅ ከነገሩህ ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ ይሳሳል፤ 16 ጌጅ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን 20 ጌጅ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የምታሠራ ከሆነ ላሜራው ከመበየዱ በፊት ይመዘን፤ ባለ 1.5ቱ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ይጠጋል። እኔ ለመግቢያ ከዚያ የሳሳ አልሠራም።

ግንበኛ፣ ከሐረር፦
ሌባ ላሜራ ሲቀድ አይውልም፤ መቃኑን ከግድግዳው ይፈለቅቃል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ መቃኑ የሚታሰርበትን ቦታ በኮንክሪት ሙላው፤ በየጎኑ ቢያንስ 3 ቦታ ላይ በፌሮ ይያዝ። ይህ ከልስኑ በፊት ማለቅ አለበት።

እናት፣ ከገንደ ቆሬ፦
ልጄ፣ የእኔ በር ያለቀው ከታች ነው። በየማለዳው በረንዳውን በውኃ እናጥባለን፤ ውኃው የታችኛው ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነው የበሩ ብረት) ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ቀለሙ ከላይ ደኅና ነበር። አንድ ቀን የመጥረጊያው እንጨት ቢነካው ተቀደደና ዝገቱ እንደ ቡና አተላ ተዘረገፈ። አዲሱን ሳሠራ ከወለሉ ከፍ አስደረግሁት፣ ከቱቦላሬውም ሥር ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ አስበሳሁ። የዝገት መከላከያ ቀለሙም ላሜራው ከመገጠሙ በፊት ከውስጥ ይቀባ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። ስለ ሙቀቱስ ምን ላድርግ?

በያጅ፣ ከመጋላ፦
ጥቁርና ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም ተወው፤ ነጣ ያለ ቀባ። ባለ ሁለት ላሜራ በር የውጭው ገጽ ብቻ ሲግል ይለጠጥና በሩ ይጎብጣል፤ ጠዋት በአንድ ጣት የተዘጋ በር አመሻሹ ላይ ቁልፉ እምቢ ይላል። ስለዚህ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት አስቀር፣ ማጠፊያውም ሦስት ይሁን።

ግንበኛ፣ ከሐረር፦
ክፍተቱ የሚጠቅመው መቃኑ ቀጥ ብሎ ከቆመ ነው። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ሁለቱንም ጎን በቱምቢ (ክብደት በተንጠለጠለበት ገመድ) አስለካ።