3 በ3.20 መኝታ ክፍል ውስጥ የሥራ ጥግ፦ ጠረጴዛው የት ይሁን፣ ቁመቱ ስንት፣ መብራት ሲጠፋስ?

ሒሳብ ከቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኪራይ ነው። ከመኝታ ክፍሉ አንዱን ጥግ ለሥራ ልለየው አስቤያለሁ። ልኩ ይኸውላችሁ፦ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 3.20፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 3 ሜትር። መስኮቱ ምዕራቡ ግድግዳ መሀል ላይ ነው፣ ስፋቱ 1.20። በሩ ምሥራቅ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ደቡቡ ጥግ ተጠግቶ። ሜትር ከሃያ አልጋና 1.20 ስፋት፣ 55 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን አለ፤ ሁለቱም ከክፍሉ መውጣት አይችሉም። አልጋው አሁን መስኮቱ ሥር ነው።

ሥራው ሒሳብ ነው፣ በቀን 7 ሰዓት ያህል ላፕቶፕ ላይ። ከሰዓት በኋላ የቪዲዮ ስብሰባ አለ። ቁመቴ 1.62። ጠረጴዛ ላሠራ ወይስ የተሠራ ልግዛ? አልጋው በካሜራ እንዳይታይ እንዴት ልቀመጥ? መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን፣ 24 ኢንች ስክሪንና ዋይፋዩን ለ4 ሰዓት የሚያቆይ ምን ይበቃል? ግድግዳ መብሳት አከራዬ በመጠኑ ፈቅደዋል።

ልክ ይቅደም፦
እህቴ፣ ሰው ሁሉ ከጠረጴዛው ይጀምራል፤ መጀመር ያለበት ከክርን ነው። ቤት ውስጥ የምታደርጊውን ጫማ አድርጊ፣ እግርሽ ወለሉን በሙሉ ረግጦ ጉልበትሽ ቀጥ ብሎ ታጥፎ ተቀመጪ። ትከሻሽን ልቀቂና ክርንሽን እጠፊው። ከወለሉ እስከ ክርንሽ ያለውን ሌላ ሰው ይለካልሽ። በ1.62 ቁመት አብዛኛውን ጊዜ ከ64 እስከ 67 ሳ.ሜ ይመጣል።

ሱቅ ላይ ተሠርቶ የቆመው ጠረጴዛ ግን 75 ወይም 76 ነው። ኪቦርዱ 2 ሳ.ሜ ገደማ ይጨምርበታል። ስለዚህ እጅሽ ከክርንሽ በ10 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ ነው የሚውለው፤ ትከሻ ያን ሁሉ ሰዓት ተሰቅሎ ይቆያል፣ ማታ አንገት የሚይዘውም ከዚህ የተነሳ ነው። የኔ ምክር አሠሪ፣ ቁመቱም 70 ይሁን። ከዚያ ዝቅ ካለ ለሌላ ሰው አይሆንም፣ ለጭንም ቦታ ያጥራል። ቀሪውን ልዩነት ወንበሩን ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ ከፍ አድርገሽ፣ እግርሽ ሥር ያንኑ ያህል ውፍረት ያለው መርገጫ በማድረግ ትጨርሺዋለሽ። ሁለት የጣውላ ቁራጭ ተደራርቦ ቢመታ ይበቃል።

ላፕቶፑን ብቻውን ለ7 ሰዓት አትጠቀሚበት። ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ ስለተያያዙ ወይ አንገት ይደፋል ወይ እጅ ይሰቀላል፤ ሦስተኛ አማራጭ የለውም። 24 ኢንቹ ከፊትሽ፣ የላይኛው ጠርዙ ከዓይንሽ ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ርቀቱ የተዘረጋ ክንድ ያህል፣ ማለትም ከ55 እስከ 65 ሳ.ሜ። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ግዢ።

አቀማመጡ ደግሞ እንዲህ ቢሆን፦ አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አንስተሽ በደቡቡ ግድግዳ ርዝመት አስጠጊው፣ ራስጌው ወደ ምዕራብ። ከአልጋው ጫፍ እስከ በሩ ግድግዳ 1.30 ይቀራል፣ በሩ ይከፈታል። ጠረጴዛው ሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ጥግ ተጠግቶ። ቁም ሳጥኑ ከጠረጴዛው ቀጥሎ እዚያው ሰሜኑ ግድግዳ ላይ። ጠረጴዛው 1.20፣ ቁም ሳጥኑ 1.20፣ ድምሩ 2.40 ነውና 80 ሳ.ሜ ትተርፋለች። የጠረጴዛው ጥልቀት 70 ቢሆን እስከ አልጋው 1.10 ይቀራል። ወንበር ወደ ኋላ ለመግፋትና ለመነሳት 90 ግድ ስለሆነ በቂ ነው።

በዚህ አቀማመጥ ብርሃኑ ከግራ ነው የሚመጣው። በቀኝ እጅሽ የምትጽፊ ከሆነ የእጅሽ ጥላ ወረቀቱ ላይ አያርፍም። ስክሪኑ ላይም አይንጸባረቅም። መስኮቱን ከስክሪኑ ጀርባ ማድረግ ዓይን ያደክማል፣ ከጀርባሽ ማድረግ ደግሞ ስክሪኑን መስታወት ያደርገዋል።

ካሜራውስ? ሰሜን ዞረሽ ስትቀመጪ ከጀርባሽ አልጋው ነው። በስብሰባ ሰዓት ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ በኩል ባለው የጠረጴዛው ጫፍ አድርገሽ ወንበሩን ሩብ ዙር ወደ ምዕራብ አዙሪው። ፊትሽ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ያርፋል፣ ካሜራው የሚያየው የቁም ሳጥኑን ጎንና የምሥራቁን ግድግዳ ነው። ካሜራውን ወደ ግራሽ፣ ማለትም ወደ ደቡብ፣ ብዙ ካላዞርሽው አልጋው አይገባም። ለሐሰተኛ የቪዲዮ ጀርባ ባትሪ ከማባከን ይሻላል።

ከ9 ሰዓት ወዲያ ያለችው ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትገባው፤ ከላይ የሚሠራ ጥላ አያግዳትም። ሁለት መጋረጃ ስቀይ፦ አንድ ስስ ነጭ፣ አንድ ወፍራም። ከሰዓት በኋላ ነጩ ይበቃል። ክረምት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፣ በቀትር ይጨልማል፤ 9 ዋት፣ 800 ሉመን ገደማ፣ 4000 ኬልቪን የሆነ ኤልኢዲ ያለው የጠረጴዛ መብራት ያስፈልጋል። ቢጫው አምፖል እንቅልፍ ያመጣል፣ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ደግሞ በካሜራ ፊትን የታመመ ያስመስላል።

ጋዝ ያልወረደበት፦
ስለ ወንበር አጭር ነገር ልጨምር። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለወንበሩ ይሁን፤ ጠረጴዛ ሳንቃም ይሆናል። አሮጌ የቢሮ ወንበር ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ጋዙን ከፍ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡበት፣ ከወረደ ሲሊንደሩ አልቋል። ገልብጡና የኮከቡን አምስት ክንዶች ተመልከቱ፤ ፕላስቲኩ መሀል ላይ ከተሰነጠቀ አትንኩት። የክንድ መደገፊያው ከጠረጴዛው ሥር መግባቱን ለኩ፤ ካልገባ ወንበሩ አይጠጋም፣ ሰውየው ወደ ፊት ተደፍቶ ይውላል፣ የጀርባ መደገፊያውም ለጌጥ ይቀራል። ሴራሚክ ወለል ላይ ጠንካራው የናይለን ጎማ ይንሸራተታል፣ ጎማ የለበሰውን ፈልጉ ወይ ቀጭን ምንጣፍ ጣሉ።

ብረትና ቺፑድ፦
ለአሠሪዎች ልኩን ልጻፈው። ቺፑድም ኤምዲኤፍም ብዙውን ጊዜ 122 በ244 ነው የሚመጣው። 18 ሚ.ሜ ውፍረት፣ ፊቱ የተለበጠ ያዙ። ከ122ቱ 70 ስታወጡ መጋዙ ጥቂት ሚሊሜትር ይበላና 51.6 ገደማ ይተርፋል። ከ70ው ላይ 1.20 ለፊት ትወስዳላችሁ፣ ቀሪው ለመደርደሪያና ለስክሪን ማስቀመጫ። ሱቁ ላይ አስቆርጡት። ሙሉውን ቦርድ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ማዞር ለወዛደርም ለግድግዳም ፈተና ነው፣ ጠርዙም ይላጫል።

ቺፑድ ብቻውን 1.20 ላይ ከጊዜ በኋላ መሀሉ ይጎብጣል፤ ብረት ፍሬም ይፈልጋል። 30 በ30፣ 1.5 ሚ.ሜ አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ አንድ ባለ 6 ሜትር ብረት ይበቃል፦ እግር 64 ሳ.ሜ አራት፣ የፍሬሙ ረጅም ጎን 112 ሁለት፣ አጭሩ 44 ሁለት፣ ለኋላ እግሮች ሰያፍ ድጋፍ 13 ሁለት። ድምሩ 594፣ ዲስኩ የሚበላው 3 ሳ.ሜ ገደማ፤ አልቆ ነው የሚቀረው፣ በያጁ እንዳያበላሽባችሁ። ፍሬሙ እግሮቹ ላይ ይቀመጣል። ከሥር 1 ሳ.ሜ የሚስተካከል የቡሎን እግር ጨምሩ፤ ወለል ሁሉ ለጥ ያለ አይደለም። 1 እና 64 እና 3 እና 1.8 ሲደመር 69.8 ነው።

ፍሬሙን ከፊቱ ጠርዝ 15 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ከኋላ 5 ይትረፍ። ፊት ላይ ብረት ካለ ጉልበት ይመታል፣ ኋላ ያለው ክፍተት ለገመድ ነው። በዚህ ልክ ከፍሬሙ ሥር 65 ሳ.ሜ ይገኛል፤ ከላይ የተባለው የወንበር ክንድ ከዚያ በታች ይሁን።

ቺፑዱን ከብረቱ ጋር የምታስሩበት ቪስ 45 ሚ.ሜ ነው። 30ው በብረቱ ያልፋል፣ 15ቱ ቺፑዱ ውስጥ ይቀራል። 50 የገዛ ሰው የጠረጴዛውን ፊት ይበሳዋል፤ ይህ በየጊዜው የሚታይ ጥፋት ነው። ከብየዳ በኋላ ቀለም ሳይነካው አንቲረስት ይቀባ። አራቱንም ጠርዝ በኤጅ ባንድ (በስስ የጠርዝ መሸፈኛ) አስለጥፉ፣ የማይታየውን የኋላውንም ጭምር። ቺፑድ ውኃ የሚጠጣው በተራቆተው ጠርዙ ነው፣ አንዴ ካበጠ አይመለስም።

ሒሳብ ከቤት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር፦ የሰሜኑን ግድግዳ ስመታው ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ምንድነው? ባትሪውስ መኝታ ክፍል ቢቀመጥ ችግር አለው?

ገመድና ፊውዝ፦
ባትሪውን ልመልስልዎ። መጀመሪያ ሒሳቡ፦ ላፕቶፕ 45 ዋት፣ ስክሪን 25፣ የፋይበሩ ሳጥን (ዋይፋዩ) 10፣ መብራት 9፤ 89 ዋት። በ4 ሰዓት 356 ዋት ሰዓት። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር 15 በመቶ ያህል በሙቀት ስለሚያባክን ከባትሪው የሚወጣው 420 ገደማ ነው።

በተለምዶ የሚገዛው 650 ቪኤ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለበት የመብራት መጠባበቂያ) ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፣ 84 ዋት ሰዓት። ይህን ጭነት ግማሽ ሰዓት ቢይዝ ነው፤ ፋይል ለማስቀመጥ እንጂ ለመሥራት አይሆንም። የሚበቃዎት ባለ 12.8 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፦ 640 ዋት ሰዓት፣ 80 በመቶውን ቢጠቀሙ 512። ከ300 ዋት ፒዩር ሳይን ኢንቨርተር ጋር ይሄዳል። ከባትሪው ፕላስ ጫፍ 20 ሳ.ሜ ሳይርቅ 40 አምፒር ፊውዝ ያስገቡ፣ ገመዱ 10 ሚ.ሜ ካሬ፣ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ። ቻርጀሩ ለዚሁ ባትሪ የተሠራ፣ 14.6 ቮልት ላይ የሚቆም ይሁን፤ የአሲድ ባትሪ ቻርጀር አይሆንም። በ10 አምፒር ከባዶ ለመሙላት 5 ሰዓት ይፈጅበታል።

ኢንቨርተሩን ወደ ግድግዳ ሶኬት መልሰው ለመስካት የሚመክርዎ ካለ አይስሙት። መብራቱ ሲመጣ ኢንቨርተሩ ይቃጠላል፤ ከዚያ በፊትም መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ዕቃዎቹን ከኢንቨርተሩ በሚወጣ አንድ ማከፋፈያ ላይ ብቻ ይሰኩ።

ዋይፋዩን ብቻ ለማቆየት ትንንሾቹ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤሶች ጥሩ ናቸው፣ ግን ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ያታልላል። 8800 ሚሊ አምፒር የሚለው በውስጡ ባሉት ሴሎች በ3.7 ቮልት ተቆጥሮ ነው፤ 32 ዋት ሰዓት ገደማ፣ ለ10 ዋት ሳጥን 3 ሰዓት አይሞላም። ሠፈሩ በሙሉ ሲጠፋ ፋይበሩ ይሠራል ወይ ላሉት፦ ከጣቢያው እስከ ቤት ያለው የመስታወት ገመድ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ብሎኩ ውስጥ በሕንፃው መብራት የሚሠራ ማከፋፈያ ካለ ግን እሱ ያቋርጠዋል። ስለዚህ የሞባይል ዳታ በመጠባበቂያ ይያዙ።

ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፣ በ220 ቮልት 16 አምፒር። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ አንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ነው፤ የቢሮውን ሶኬት ከሌላ ብሬከር ያስወጡ። የላፕቶፑ ብረት አካል ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ሶኬቱ አርዝ የለውም። ባለሙያ ያስለኩት፤ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው አዳፕተርም አርዙን ይቆርጣል።

የድሮ ባትሪ፦
ሊቲየሙ ውድ ነው እኮ። 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ግማሹን ብትጠቀምበት 600 ዋት ሰዓት ነው፣ ለ4 ሰዓት ይበቃል። መብራት በሳምንት አንዴ ለሚጠፋበት ብሎክ ሊቲየም ቅንጦት ነው።

ገመድና ፊውዝ፦
በዋጋው ልክ ነህ፣ ለሳሎን በረንዳ ቢሆን እስማማ ነበር። ግን የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ተዘግቶ በሚታደርበት መኝታ ክፍል አይቀመጥም። ክብደቱም ወደ 30 ኪሎ ነው፣ ሊቲየሙ 6 ገደማ። የመኪናውን ባትሪ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፤ ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ነው፣ በተደጋጋሚ ግማሽ ድረስ ሲወርድ በወራት ይሞታል።

ጸጥታ ፈላጊ፦
ድምፅን ማንም አላነሳውም። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አያስቀርም፣ አትልፉ። ድምፅ በአየር ክፍተት ነው የሚገባው፦ የብረት መስኮቱ ስቱኮ ከተሰነጠቀ አስነስታችሁ በሲሊኮን አስሞሉት፣ በበሩ ዙሪያና ሥር የጎማ ማተሚያ ለጥፉ። በስብሰባ ላይ ድምፅሽ እንደ ገንዳ ውስጥ ካስተጋባ ችግሩ የተለሰነው ባዶ ግድግዳ ነው፤ ወፍራሙ መጋረጃና ምንጣፍ ይበቃዋል፣ ፍራሹ ራሱ አብዛኛውን ይውጠዋል።

ብረትና ቺፑድ፦
የግድግዳው ጉዳይ ቀርቷል። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይ ብሎኬት ነው ወይ አግሮስቶን (የክፍል መለያ ሰሌዳ)። በቀጭን ምስማር አንድ የማይታይ ቦታ ሞክሪው፤ ዱቄት ሆኖ በቀላሉ ከገባ አግሮስቶን ነው፣ ከባድ መደርደሪያ አትስቀይበት፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቆም አሠሪ። ብሎኬት ከሆነ ድሪሉን ያለ መዶሻ አስበሺ፤ በመዶሻው ከተበሳ የብሎኬቱ ስስ ከንፈር ወደ ውስጥ ይፈርሳል፣ ፊሸሩም (ቪሱን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ባዶው ውስጥ ይሽከረከራል።  ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ ከኋላው ፍሬም ሁለት ኤል ብረት በ8 ሚ.ሜ ፊሸር ይበቃሉ፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። ከመብሳትሽ በፊት ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር አስቢው፤ የተቀበረው ገመድ ብዙ ጊዜ በዚያ ነው የሚሄደው፣ 15 ሳ.ሜ ራቂለት።